ቃልን የመምረጥ ሸክም በማን ላይ ነው? ስለ «ሰምና ወርቅ» አንድ ክርክር የቀረበ ትችት

ፕሮፌሰር ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፋቸውን እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. ካሳተሙ ወዲህ፣ ስለ አማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ አነጋገርና ጠባይ የሚጽፍ ሰው ሁሉ፣ ቢስማማም ቢቃወምም፣ በዚያ መጽሐፍ ደጃፍ ሳይቆም አያልፍም። ይህም የሚገባ ክብር ነው። ደራሲው በመንዝ ተቀምጠው ያዩትንና ባላገሩ ሲናገር የሰሙትን ከመጻሕፍት ካገኙት ጋር አስተያይተው የጻፉ ሰው ናቸው። ስለዚህ የእኔ ክርክር ከመጽሐፉ ሁሉ ጋር አይደለም፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ከሰፈረውና ከዚያ ወዲህ በተማሪዎቻችን ድርሰት ሳይመረመር ዘወትር ከሚደገመው ከአንድ ሐሳብ ጋር ነው እንጂ።

ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ሰው ሰምና ወርቅን ከቅኔ ቤት አውጥቶ የዕለት ኑሮው ዘዴ አድርጎታል። በዚህም ዘዴ ይስቅበታል፤ ባልንጀራውን ነውር ሳይሆንበት ይሰድብበታል፤ የቤቱን ምስጢር ከሰው ዐይን ይሸፍንበታል፤ በግልጥ ሊነቅፈው የማይደፍረውን ባለሥልጣን ይነቅፍበታል። እስከዚህ ድረስ የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን ደራሲው ከዚህ አልፈው፣ ይህን የመሰለ የድብቅ ቃል ፍቅር ከአዲሱ ዘመን መንፈስ ጋር አይስማማም፤ ሕግና መሥሪያ ቤት፣ ሳይንስና ኢንዱስትሪ አንድ ትርጕም ብቻ ያለው ቃል ይፈልጋሉና፣ ይላሉ። ከዚህ ላይ ተነሥቶ ብዙ አንባቢ የደረሰበት መደምደሚያ ደግሞ ደራሲው ራሳቸው ካሉት ይልቅ የጠነከረ ነው፤ ይኸውም አሮጌው አነጋገር ሸፋኝ፣ አዲሱ አነጋገር ገላጭ ነው የሚል ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ አንድ ጥያቄ ተዘሏል። የተሸፈነ ቃል የሚናገረው ማን ነው? የሚናገረውስ ለማን ነው? ከታች ወደ ላይ የሚናገር ሰው መሸፈኑና ከላይ ወደ ታች የሚናገር ሰው መሸፈኑ አንድ ነገር ነውን? ፕሮፌሰር ሌቪን የዘረዘሯቸው ጥቅሞች በአብዛኛው የደካማው ጥቅሞች ናቸው፤ ድምዳሜው ግን ለሕዝቡ ሁሉ፣ ለጌታውም ለሎሌውም፣ በጅምላ የተሰጠ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሰምና ወርቅ የቅኔ ቤት ቃል ነው፤ ቅኔ ደግሞ የግዕዝ ሙያ ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ በዋድላም ሆነ በሌላው ጉባኤ፣ ተማሪው በሁለት ቤት ከምትፈጸመው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ሲወጣ፣ ሰሙንና ወርቁን የሚያስማማበት ሥርዓት አለው፤ መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ ያልተስማማው ይታረማል። ከሰምና ወርቅም ሌላ ኅብር አለ፤ ውስጠ ወይራም አለ፤ የቅኔ ዐዋቂ እነዚህን አያደባልቅም። እንግዲህ ቅኔ ድብቅ ነው ቢባልም፣ ድብቅነቱ በጉባኤ የሚፈታና የሚመዘን ነው። የቅኔ ተማሪ የሚሠለጥነው ነገርን ለማድበስበስ ሳይሆን አንዲት ቃል ሁለት ጭነት ሳትሰበር እንድትሸከም ለማድረግ ነው፤ ይህም፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ለአንድ የሕግ አርቃቂ ከሚሰጠው ትምህርት ብዙ የራቀ አይደለም።

በገበያና በማጀት ያለው ሽፍን አነጋገር ግን ሌላ ነው፤ ሌላ ስምም አለው። አሽሙር አለ፤ ይህ የሚወጋው ሰው በተቀመጠበት ለሌላ ሰው የተነገረ መስሎ የሚጣል ቃል ነው። ሽሙጥ አለ፤ ይህ በምስጋና መልክ የሚቀርብ ንቀት ነው። ተረብ አለ፤ ይህ በባልንጀሮች መካከል በፈቃድ የሚደረግ መጐናተል ነው፤ የተተረበው ሰው ቢቆጣ ነውሩ በራሱ ላይ ይመለሳል። ምሳሌ አለ፤ ይህን ሽማግሌው ነገር ለማብረድ ያመጣዋል፤ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የተባለው ለዚህ ነው። ሕዝቡ ራሱ ለይቶ የሚጠራቸውን እነዚህን ሁሉ በአንድ የቅኔ ቃል መጠቅለል፣ ጤፍና ገብስ፣ ባቄላና ሽንብራ እህል ነው ብሎ በአንድ ጎተራ እንደ መክተት ይቈጠራል። እህልስ በእርግጥ እህል ነው፤ የሚበላበትን ለማወቅ ግን ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አሽሙርን ማንም ዐዋቂ አያመሰግነውም። አሽሙረኛ መባል ስድብ ነው፤ ባለ ቅኔ መባል ግን ክብር ነው። አንድ ሕዝብ አንዱን እየነቀፈ ሌላውን ካከበረ፣ ሁለቱን አንድ ጠባይ ብሎ መጻፍ የመስክ ጥናት ጕድለት ነው።

ሸፋኝ የሚመስለው ግን ምንም የማይሸፍነው የአነጋገር ዐይነት ከሁሉ ይልቅ ማስተዋል የሚገባው ይመስለኛል። ለልጃቸው ሚስት ለመጠየቅ ሽማግሌ የሚልኩ ሰዎችን እንይ። ሽማግሌዎቹ ነጭ ሸማ ለብሰው፣ ምርኵዝ ይዘው ይመጣሉ፤ ተቀመጡ ቢባሉ ነገራችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ይቆማሉ። የልጅቱ አባት የመጡበትን ያውቃል፤ ልጅቱ ታውቃለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። እሱ ግን ምን እግር ጣላችሁ ብሎ እንደ እንግዳ ይጠይቃል። ነገሩን ከሰማ በኋላም እሺም እንቢም አይልም፤ ከዘመድ ልምከር ብሎ ቀን ይቀጥራል። በሁለተኛው ቀጠሮ መልሱ ከዘገየ፣ በሦስተኛውም የዘመድ አለመሰብሰብ ምክንያት ሆኖ ከቀረበ፣ ሽማግሌዎቹ እንቢታውን ተረድተው ይመለሳሉ። እንቢ የሚል ቃል ግን ከማንም አፍ አልወጣም። ሁለቱ ቤቶች ከዚያ በኋላም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ በአንድ ዕድር ይቀባበራሉ፤ በደቦም ይተጋገዛሉ። ይህ አነጋገር ድብቅ ነው እንዳይባል፣ የተደበቀበት ሰው የለም። ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ባለመናገር የሚገኘው ትርፍ የሰው ፊት አለመሰበሩ ነው። ይህንንም ከአሽሙር ጋር አንድ ያደረገ ጸሐፊ፣ ጭምብልንና ነጠላን አንድ ያደረገ ይሆናል።

መርዶም እንዲሁ ነው። ዘመድ በሩቅ አገር የሞተበት ሰው ነገሩ ማታ ቢሰማ እንኳ ለሱ አይነገረውም። ቅርብ ዘመዶቹና ጎረቤቶቹ በሌላ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ሌሊቱን እንዲተኛ፣ እህል በሆዱ እንዲያድር ይተዉታል፤ ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው ገብተው ያረዱታል። በዚያ ሌሊት የነገሩት ቃል ሁሉ፣ ደኅና ነው ያሉት ሁሉ፣ ሐሰት ነበር ብሎ የሚከሳቸው የለም። ሰውዬው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ እንዳይታጣ የተደረገ ነውና። ዝምታው ለስንት ሰዓት እንደሚቆይና ለማን ጥቅም እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ይህን ልብ እንድንለው ያስፈልጋል፤ ወደ ኋላ ስለ ሌላ መርዶ እንናገራለንና።

ስለ አንቱታም አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልችልም። ግዕዝ ለትልቁም ለትንሹም አንድ «አንተ» ብቻ አለው፤ አማርኛ ግን «አንተ»ን፣ «አንቺ»ን፣ «እርስዎ»ን፣ ባላገሩም እስከ ዛሬ የያዘውን «አንቱ»ን ለያይቶ ደረጃ ሠራላቸው። የታወቀ ሊቅን «አንቱ የተባለ» የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው። የሚገርመው ግን ንጉሡን እርስዎ የሚል ሰው ወደ እግዚአብሔር ሲጸልይ አንተ ማለቱ፣ እመቤታችንንም አንቺ ማለቱ ነው። ከላይ ያለው ሁሉ በብዙ ቍጥር ይጠራል የሚለው ደንብ ከሁሉ በላይ ባለው ዘንድ ይፈርሳል። በባልና ሚስት መካከልም ስናይ፣ በፍቅር አንተና አንቺ ይባባሉ የነበሩ ሰዎች አንድ ቀን አንዱ ሌላውን እርስዎ ብሎ ቢጀምር፣ ቤቱ ውስጥ ጠብ መግባቱን ልጆቹ ሳይነገራቸው ያውቃሉ። እንግዲህ የአክብሮት ቃል ሁልጊዜ አክብሮት አይደለም፤ የሚመዘነው ትናንት ከተባለው ቃል ጋር ተነጻጽሮ ነው። ይህ ነገር ራሱን የቻለ ጥናት የሚገባው ስለ ሆነ እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

አሁን ከላይ ወደ ታች ወደሚነገረው ቃል እንምጣ። በልማዱ ዘንድ ባለሥልጣን የሚናገረው ቃል ወሬ አይደለም፤ ሥራ ነው። ፍርድ ከዳኛው አፍ ሲወጣ ርስት ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል፤ ሹመት በቃል ይሰጣል፤ በቃልም ይሻራል። ስለዚህ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የተባለው ምሳሌ፣ ተማሪዎቻችን ስለ ታማኝነት በጠቅላላው የተነገረ አድርገው ሲጠቅሱት ብሰማም፣ በተለይ የሚከብደው ቃሉ ሰውን ሊያነሣና ሊጥል በሚችለው ሰው ላይ ነው። በሙግትም ላይ እንደዚሁ ነው። በላ ልበልሃ ተባብለው፣ እሰጥ አገባ ብለው ማር ወይም በቅሎ አስይዘው በዳኛ ፊት የሚሟገቱ ሰዎች አንዲት ቃል ቢያዳልጣቸው ያ ቃል ይያዝባቸዋል። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለውም ከዚህ ዐይነቱ ሸንጎ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው፤ የእግር ወለምታ በወጌሻ እጅ ይድናል፤ በሸንጎ ያመለጠ ቃል ግን ወጌሻ የለውም። ይህ ሕዝብ ለቃል ትክክለኛነት ግድ የለውም የሚል ሰው፣ ዋርካ ሥር ተቀምጦ የሙግት ነገር ሰምቶ አያውቅም ማለት ነው።

የአዋጅ ቋንቋም ምስክር ነው። ነጋሪት ተጐስሞ የሚነገር ቃል ሰም የለውም። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ባስነገሩ ጊዜ፣ አገር የሚያጠፋ ጠላት ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን፣ ጕልበት ያለው እንዲከተላቸው፣ ጕልበት የሌለው በጸሎት እንዲረዳቸው፣ የሚቀርም ሰው ምን እንደሚጠብቀው ገበሬው ሁሉ በሚገባው አማርኛ ተናገሩ። እዚያ ውስጥ ሁለት ትርጕም የሚፈልግ ሰው በከንቱ ይደክማል።

ከዚህም ይልቅ ጠንካራው ምስክር የውጫሌ ውል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የዚህ ውል 17ኛ ክፍል ታሪክ ለአንባቢ አዲስ አይደለም፤ ነገር ግን በዚህ ክርክር ውስጥ ያለው ስፍራ እምብዛም አልታየም። የአማርኛው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከኤውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚፈልጉት ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ጽሑፍ ተስማምተዋል የሚያሰኝ፣ ግዴታም ሊያደርግ የሚችል ቃል አስገባ። የዚያው ውል 19ኛ ክፍል ደግሞ ሁለቱ ጽሑፎች አንድ ዐይነት ስለ ሆኑ እኩል ይታመናሉ ይላል። ልዩነቱ በይፋ የታወቀው ዐፄ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውን ለኤውሮፓ ነገሥታት ካስታወቁ በኋላ፣ በ1882 ዓ.ም. ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ በኢጣልያ በኩል ይላኩ የሚል በሆነ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል፤ ምኒልክ ለንጉሥ ኡምቤርቶ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ፤ አንቶኔሊ ተመልሶ መጥቶ ሲከራከር እቴጌ ጣይቱ የኢትዮጵያን መብት ይዘው ጸኑ፤ ውሉም በ1885 ዓ.ም. ፈረሰ።

ሰምና ወርቅ የአማራ ጠባይ ነው፣ ሕግና ዲፕሎማሲ ግን የጠራ ቃል ይፈልጋል የሚለው ክርክር በዚህ ቦታ ምን ይሆናል? በውጫሌ የጠራው ቃል የአማርኛው ነበር። «ይቻላል» ማለት በማንኛውም ቤት፣ በማንኛውም ደጅ፣ ፈቃድ እንጂ ግዳጅ ሆኖ አያውቅም። አንቶኔሊም ከ1879 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) ጀምሮ በሸዋ የተመላለሰና አማርኛ የሚያውቅ ሰው ስለ ነበረ፣ ቃሉ ከብዶት ነው ለማለት አይቻልም። ስቬን ሩቤንሰን በ1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ይህን ነገር በሚገባ መርምረውታል፤ ካርሎ ጂሊዮም መልስ ሰጥተውበታል። እኔ ወደ ማን ጥፋት ነው ወደሚለው ክርክር አልገባም። የማመለክተው ይህን ብቻ ነው፤ ሩቤንሰን ስለ ውጫሌ በጻፉ በዓመቱ «ሰምና ወርቅ» ታተመ፤ አንዱ መጽሐፍ በአማርኛ ላይ የጣለውን ጥርጣሬ ሌላው አስቀድሞ የሚያነሣ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያነበበ ጥቂት ነው።

በዚያው ዘመን የታተመ ሌላ መጽሐፍ ደግሞ አለ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ወጣ። ስለዚህ ልብ ወለድ ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው ስለ ባላባት ሥርዓት መነቀፍና ስለ ሁለቱ ፍቅረኞች ዕድል ነው። እኔ ግን ደጋግሜ ባነበብኩት ቍጥር፣ በዲፕሎማሲ ሥራ ረዥም ዘመን የኖሩት ደራሲ የጻፉት፣ ስለ ቃልና ስለ ቃል ተናጋሪ ማንነት የሆነ መጽሐፍ መስሎ ይታየኛል። ጉዱ ካሣ ያየውን ያለ መሸፈኛ ይናገራል፤ በዚህም ምክንያት «ጉዱ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ከታች ወይም ከጎን የሚነገር ግልጥ ቃል ዋጋው ይህ ነው፤ ተናጋሪው እንደ እብድ ይቈጠራል፤ እንደ እብድ ከተቈጠረም በኋላ እንዳሻው እንዲናገር ይተዋል። ፊታውራሪ መሸሻ በሌላ በኩል ቃልን መምረጥ የሎሌ ሥራ ነው ብለው የሚያምኑ ጌታ ናቸው። ባላገሮቹ ያዘዙትን አንፈጽምም ባሉ ጊዜ የሚያውቁት መልስ ኀይል ብቻ ነበረ፤ ሊያስገድዱ ወጥተው በአበጀ በለው መሪነት በተነሡት ባላገሮች እጅ ተማረኩ። አንድ ጌታ ቃል ሲያልቅበት ምን እንደሚቀርለት ከዚህ የበለጠ ያሳየ ድርሰት በአማርኛ አላየሁም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልብን የሚይዘው የስለቱ ነገር ነው። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው እንዲያድግላቸው ፈልገው ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተስለው ሰጡት። ስለት በጭንቅ ሰዓት፣ በፍቅር የሚነገር ቃል ነው፤ ተንኰል የለበትም፤ ሁለት ትርጕምም የለውም። የዚያን ቃል ዕዳ ግን የሚከፍለው ተናጋሪው ሳይሆን ያልተናገረው ልጅ ነው። በዛብህ ቅኔ የተማረ፣ ሰምና ወርቅ ዐዋቂ ሆኖ ሳለ፣ በሰብለ ወንጌልና በሱ መካከል ከዘር ልዩነት ሌላ የቆመው ይህ የጠራ፣ ያልተሸፈነ የእናትና የአባት ቃል ነበረ። ስለዚህ ግልጥነት በራሱ መድኃኒት ነው የሚለውን ሰው ይህ መጽሐፍ አያግዘውም። ግልጥ ቃልም ሰውን ያስራል፤ የሚያስረውን ሳይጠይቅ ሲነገር ደግሞ እጅግ ያስራል።

ባለሥልጣኑ ግልጥ እንዲሆን ልማዱ ይጠይቅ ነበር ስል፣ ሁልጊዜ ሆኗል ማለቴ አይደለም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ምሳሌ የወጣው ከዚሁ ሕዝብ ነው። ዳሩ ግን ንጉሥ የማይከሰስ ቢሆን እንኳ፣ እረኛ ምን አለ ብሎ የሚያስጠይቅ ንጉሥ ነበር፤ አዝማሪም በግብር ላይ በመሰንቆው የወጋውን ጌታ ፈትቶ የሚያስረዳ ሊቅ ከጎኑ አይታጣም ነበር። ይህ ማለት የታችኛው ሰው ሽፍን ቃል፣ ፕሮፌሰር ሌቪን እንዳሉት የብሶት መውጫ ብቻ አልነበረም፤ ላይ ያለው ሰው ሊፈታው የሚገባው መልእክት ነበረ። የመፍታቱ ሸክም ያረፈው በጌታው ላይ ነው።

ላይ ያለው ሰው ራሱ ሸፋኝ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ መርዶው ለሕዝብ ሳይነገር ብዙ ዘመን ተሸሸገ። መልኩን ለሚያይ ሰው ይህም እንደ ማንኛውም መርዶ በጊዜው እስኪነገር የቆየ ይመስላል። ከላይ ያየነውን የመንደሩን መርዶ ከዚህ ጋር ስናስተያየው ግን፣ በመንደሩ ዝምታ አንድ ሌሊት የሚቆይና የሐዘንተኛውን ልብ የሚጠብቅ ሲሆን፣ የቤተ መንግሥቱ ዝምታ የተጠበቀው ለሐዘንተኛው ሕዝብ አልነበረም። መልኩ አንድ ነው፤ ባለጉዳዩ ግን ሌላ ነው። በእኔ ግምት ሽፍን ቃል ሊመዘንበት የሚገባው ሚዛን ይህ ነው፤ ትርጕሙ አንድ ነው ወይስ ሁለት ከማለት ይልቅ፣ መሸፈኛው የለበሰው በማን ላይ ነው ብሎ መጠየቅ።

በዚህ ሚዛን ብንሄድ ፕሮፌሰር ሌቪን በ1965 ዓ.ም. ሊያዩት ያልቻሉትን እናያለን። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው መንግሥት አሮጌውን አነጋገር ጠልቶ፣ ጌታዬ የሚለውን ትቶ «ጓድ» የሚለውን አመጣ። አማርኛው ግን በስም ብቻ ተስተካከለ እንጂ በግሱ አልተስተካከለም፤ ሊቀ መንበሩ ጓድ እየተባሉ እርስዎ ነበሩ። ይህ ቀላሉ ነው። የከበደው ግን ሌላ ነበረ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ ስልሳ የሚጠጉ ባለሥልጣኖችና መኰንኖች ያለ ፍርድ ሲገደሉ፣ ነገሩ በሬዲዮ የፖለቲካ ውሳኔ ተብሎ ተነገረ። ጥቂት ዘግይቶ፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ «አብዮታዊ እርምጃ» እና «ነጻ እርምጃ» የሚሉ ቃላት የዕለት ቃላት ሆኑ። «እርምጃ» ሥሩ «ተራመደ» ነው፤ ሰው ከቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያን ስንት እርምጃ ነው የሚልበት ቃል ነው። ያ ቃል ሰው ተገደለ በማለት ፈንታ ገባ። ገዳይ የለበትም፤ ሟች የለበትም፤ «ተወሰደ» ይባላል፣ ወሳጁ ግን አይጠቀስም።

ይህን ቃል የወለደው የቅኔ ቤት አይደለም። ዋሸራ አላስተማረውም፤ አዝማሪ አላወጣውም፤ አሽሙረኛ የሠፈር ሰውም አልፈጠረውም። የመጣው ከውጭ አገር የፖለቲካ መጻሕፍት በትርጕም፣ አንድ ትርጕም ብቻ ያለው የሳይንስ ቃል ነው ተብሎ፣ በአዲሱ ዘመን ሰዎች አማካይነት ነው። «ነጻ» የሚለው ቃል ያለ ፍርድ የሚለውን ሲሸከም፣ አንድም የቅኔ መምህር አልነበረበትም። እንግዲህ አሮጌው ሸፋኝ፣ አዲሱ ገላጭ ነው ለሚለው ክርክር ከዚህ የባሰ ተቃራኒ ምስክር ሊቀርብ የሚችል አይመስለኝም። የባላገሩ ሰምና ወርቅ ወርቁን ፈልጉኝ ይላል፤ ሰሙ ያለው ሊቀልጥ ነውና። የመግለጫው «እርምጃ» ግን አትፈልጉኝ የሚል ቃል ነው።

የዚያ ዘመን ሰዎች ይህን ቃል እንዴት እንደ ሰሙት፣ በቤታቸውስ በምን ቃል እንደ ተኩት፣ ገና በሚገባ አልተሰበሰበም። አሁን ጊዜው እያለፈ ነው። እናቶች ልጃቸው ተገደለ ሳይሉ «ወሰዱት»፣ «ያኔ ቀረ» ሲሉ መስማቴ ለዚህ ጥናት እንድነሣ አንዱ ምክንያት ነው። «ወሰዱት» ሲሉ ያው የመግለጫው ግስ ነው፤ ግን ባለቤት ተጨምሮበታል፤ ወሳጆች አሉ። ይህ ዐይነቱ ጥቃቅን እርማት በሰዋስው መጽሐፍ አይገኝም፤ ከእነዚያ ቤቶች ደጃፍ ተቀምጦ የሚሰማ ተማሪ ይፈልጋል። ማስታወቂያ ሰሌዳዎች ግን ደንብ በተላለፈ ሠራተኛ ላይ አስተዳደራዊ እርምጃ ይወሰዳል ማለታቸውን አልተዉም፤ ከጽሕፈት ቤቱ በር ፊት ቆመው ሰሌዳውን የሚያነቡ ሽበታሞች ያችን አንዲት ቃል ሲያዩ ለአፍታ ዝም ይላሉ፤ አጠገባቸው ያለው ወጣት ግን ቃሉን ሳያስተውለው አንብቦ ያልፋል።